ጨለማው የማን ነው?

የዛሬው ጽሑፌ ይቅርታ ነው። ሃያሲ ይቅርታ ሲጠይቅ ብዙም አትሰሙም። የሌላውን ስሕተት ለመቁጠር ጣታችን ፈጣን ነው፤ የራሳችን ላይ ሲደርስ ይተሳሰራል። ይኼኛው ግን እንቅልፍ ነሳኝና ልናዘዝ።

ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ ዓምድ ስለ አንድ የአማርኛ ፊልም ጽፌ ነበር። የፊልሙን ስም አልጠራም፤ ዳይሬክተሩ ራሱ «ጋሼ፣ ግድ የለም፣ ቁስሉ ሽሯል፣ አይነካኩት» ብሎኛል። ያኔ ያልኩት ባጭሩ ይኼ ነው፦ ታሪኩ ታሪክ ነው፣ ተዋንያኑም አይከፉም፣ ካሜራው ግን ዕውር ነው። አንዲት እናት ልጇ እንደማይመለስ በሌሊት የምትረዳበት ትዕይንት አለ። እኔ ያየሁት ነገር ቢኖር ጨለማ ውስጥ የሚያለቅስ ድምፅ ነበር። «የኩራዝ ጋዝ ለመቆጠብ ነው ወይስ ጥበብ መሆኑ ነው?» ብዬም አሾፍኩ። አንባቢ ሳቀ። ካሜራውን የያዘው ልጅ ግን አልሳቀም፤ በኋላ እንደሰማሁት ለቀጣዩ ፊልም ሌላ ሰው ተቀጠረ። የእኔ ቀልድ የሰው እንጀራ ነካች ማለት ነው።

እንግዲህ ይኼን ይዛችሁ ከእኔ ጋር ወደ ላንቴ ውረዱ።

ባለፈው ጥር ለሥራ አርባ ምንጭ ሄጄ ነበር። ድሮ ያስተማርኩት፣ ዛሬ እሱም መምህር የሆነ ልጅ «መምህር፣ አዞና ዓሣ ብቻ አይተው አይመለሱም፤ እኛ ቤት እራት አለ» ብሎ ይዞኝ ሄደ። ላንቴ ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ፣ በአባያ ሐይቅ ወገን ያለች የቆላ ቀበሌ ናት። ላንቴ ማለት ሙዝ ማለት ነው። ግራና ቀኙ ሙዝ፣ መንገድ ዳር የተከመረው ሙዝ፣ አይሱዙው ላይ የሚጫነው ሙዝ። እንደ አረንጓዴነቱ ተቆርጦ፣ በደረቅ ቅጠል ተደግፎ፣ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ።

እራቱ እስኪደርስ «ፊልም ቤታችንን ልዩ» አለኝ። ቤቷ የቆርቆሮ ናት፤ ውስጧ ረጃጅም አግዳሚዎች። ቅዳሜና እሁድ የእንግሊዝ ኳስ፣ በአዘቦት ማታ ፊልም። ፕሮጀክተሯ ከአንድ ቢሮ በጨረታ የወጣች፣ ጥርሷ ያለቀ አሮጊት ናት። ገብተን ስንቀመጥ ምን ቢጀመር ጥሩ ነው? ያ ፊልም! ባለቤቶቹ ራሳቸው ዩቲዩብ ላይ ለቀውት ኖሯል። «አይ እንግዲህ፣ ኃጢአቴ ሙዝ መሀል ሳይቀር አገኘኝ» አልኩ በሆዴ።

ያቺ የሌሊት ትዕይንት ደረሰች። እናቲቱ ታየችኝ!

ጉንጯ ላይ ከኩራዙ የሚመጣ ቀጭን ብርሃን አለ። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ የልጁ ኮት ተሰቅሏል። እሷ ወሬውን እየሰማች ኮቱን ታያለች፤ ትዕይንቱ በሙሉ ያ ኮት ነው። ለቅሶው የሚመጣው ኮቱን ካየች በኋላ ነው። እኔ አዲስ አበባ፣ ባለ ምንጣፉ አዳራሽ ውስጥ፣ ኮት የሚባል ነገር አላየሁም። ያላየሁትን ነገር «የለም» ብዬ ጻፍኩ።

ፊልሙ ሲያልቅ ማሽኗን የሚያስተዳድረውን ወጣት ጠጋ ብዬ «አንተ፣ ምን አድርገህ ነው እንዲህ ጥርት ያለው?» አልኩት።

«ኧረ ጋሼ፣ ምንም አልሠራሁም። አቧራዋን አራግፋለሁ፣ መስታወቷን እጠርጋለሁ፣ በሯ ላይ መጋረጃ ሰቅያለሁ። በቃ።»

በቃ ይበል እንጂ ትምህርት ቤት ነው የከፈተልኝ። የአየር ማስገቢያዋ ወንፊት በአቧራ ሲደፈን ማሽኗ ትፍማለች፤ ስትፍም ወይ ራሷን ታጠፋለች፣ ወይ የውስጥ ዕቃዋ ቶሎ ያረጅና ምስሉ ቢጫ እየመታው ይሄዳል። ላንቴ ደግሞ ሙቀትም አቧራም የማይቸግራት አገር ናት፤ ስለዚህ ወንፊቱን በሁለት በሦስት ቀን አንዴ ያጸዳል። ሌንሱን የሚጠርገው በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ነው፤ በሸሚዝ ጫፍና በምራቅ አይነካውም። መጀመሪያ አንሶላ ነበር የሚወጥረው፤ ብርሃኑ ግማሹ ወደ ጀርባ እያለፈ ሲያስቸግረው ኮምፔርሳቶ ነጭ ቀለም ቀብቶ አቆመ። ማሽኗን አጋድሞ ሰቅሎ የተንጋደደውን ምስል በሜኑ «ከማቃናት»፣ ከመነሻው ፊት ለፊት ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥን መርጧል፤ በሜኑ ሲቃና ከምስሉ ጥራት ይቆረጣልና። ቢጫዋን ያረጀች የቪዲዮ ገመድ ጥሎ ኤችዲኤምአይ ገዝቷል። የምስሉን ዓይነት ደግሞ «በጣም ደማቅ» ከሚለው ወደ «ሲኒማ» መልሶታል። «ለኳስ ያኛው ይሻላል፣ ለፊልም ግን ሰውን አረንጓዴ ያደርገዋል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የብዙዎቹ ፕሮጀክተሮች ደማቅ ምርጫ ወደ አረንጓዴ ያደላል።

«አምፑሏስ?»

«አርጅታለች ጋሼ። ግን ሰሌዳዋም ትንሽ ናት።»

እዚህ ላይ ቁጭ ብዬ ሒሳብ ሠራሁ፤ የሥነ ጽሑፍ ሰው ሒሳብ ሲሠራ አትሳቁ። የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ተሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት የዲጂታል ሲኒማ መለኪያ፣ ሸራው ላይ የሚያርፈው ነጭ ብርሃን 48 ካንዴላ በካሬ ሜትር መድረስ አለበት። የድሮዎቹ ባለሙያዎች 14 ፉት ላምበርት የሚሉት ነው። አሁን 3,000 ሉመን የተባለች የቢሮ ፕሮጀክተር ወስዳችሁ ወርዱ 8 ሜትር የሆነ ሸራ ላይ ብታበሩ፣ አምፑሏ አዲስ ሆኖ እንኳ 26 ገደማ ነው የምታገኙት። አምፑሏ ዕድሜዋን ስትጨርስ ብርሃኗ በግማሽ ይወርዳል፤ 13 ቀረ በሉ። ያቺኑ ያለቀች አምፑል ወርዱ 3 ሜትር ወደ ሆነ ሰሌዳ መልሷት፦ ስፋቱ በሰባት እጥፍ ስለሚያንስ ብርሃኑ 90 ያልፋል። የላንቴዋ አሮጊት የአዲስ አበባውን ባለ ክራባት ያስናቀችው በተአምር አይደለም። እሱ ከአቅሙ በላይ የሆነ ሸራ ተሸክሞ፣ አምፑሉ ካልተቃጠለ አይቀየርም ተብሎ፣ በየበሩ የመውጫ መብራት እየገባበት ነው።

የአዳራሹንም ስም አልጠራም። አንድ አዳራሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ በስልክ ነግሬ ዝም እል ነበር።

ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የቦስተን ግሎቡ ሃያሲ ታይ በር በዚያ ከተማ ሲኒማ ቤቶች ተራው ፊልም የባለ ሦስት ዲው ሌንስ ሳይነሳ ይታይ እንደነበር፣ በዚህም ብርሃኑ እጅግ ይወርድ እንደነበር ጽፏል። ተመልካቹ ገንዘቡን ከፍሎ ጨለማ ገዝቶ ይወጣ ነበር። እኛ ጋ ግን ጉዳዩ ይከፋል፤ ምክንያቱም የአማርኛ ፊልም ዳግም የተወለደው በዚሁ ማሽን ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ፊልሞቻችን በቪዲዮ ካሜራ እየተቀረጹ በፕሮጀክተር መታየት ሲጀምሩ፣ የዓለም ሲኒማ ቤቶች አብዛኞቹ ገና በሴሉሎይድ ላይ ነበሩ። ዲጂታሉን ቀደምን፤ መለኪያውን ግን ይዘን አልተነሳንም። ድሮ ኦፕሬተር የሚባል ሙያተኛ ነበር። ዛሬ ብዙ ቦታ ያለው «ፕሌይ» የሚጫን ልጅ ነው፤ ማንም አላስተማረውም፣ ማንም አልጠየቀውም።

ደብዛዛ ብርሃን ደግሞ ሁሉንም እኩል አይበላም። መጀመሪያ የሚበላው ጥላውን ነው፤ ጥላ ውስጥ ያለው ደግሞ የእኛ ፊት ነው። የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» (እ.ኤ.አ. 2008) አስቡት። ከውትድርና ምልመላ የሸሹ ልጆች ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። በደንብ በሚያበራ ማሽን ዋሻው ጨለማ ሆኖ ልጆቹ ልጆች ናቸው፤ ፍርሃታቸው ዓይናቸው ላይ ይነበባል። በደከመ ማሽን ዋሻውም ልጆቹም አንድ ጥቁር ጨርቅ ይሆናሉ። ዳይሬክተሩ ሊያሳየን የደከመበትን የልጅ ፊት፣ መልማዩ እንኳ ያላገኘውን፣ ያረጀ አምፑል ወሰደው።

ተማሪዎቼን ሳስተምር የምደጋግመው አንድ ነገር ነበር፦ አንድ የብራና ጽሑፍ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት የያዛችሁት የማን ቅጂ እንደሆነ ጠይቁ። ቁም ጸሐፊው ደክሞት መስመር ዘሎ ይሆናል፤ የደራሲው ስሕተት የመሰላችሁ የገልባጩ እንቅልፍ ሊሆን ይችላል። ሃያ ዓመት ይኼን ያስተማርኩ ሰውዬ፣ ፊልም ላይ ስደርስ ገልባጭ መኖሩን ረሳሁ። ኦፕሬተሩ እኮ ቁም ጸሐፊ ነው! በየምሽቱ ፊልሙን በብርሃን ቀለም ሸራው ላይ ይገለብጠዋል። ቀለሙ ከቀጠነ የሚሰደበው ግን ደራሲው ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ስለ ፊልም ስጽፍ የት እንዳየሁት፣ ምስሉም እንዴት እንደነበር አብሬ እጽፋለሁ። የአዳራሽ ባለቤቶችም ወጪው የሚያስፈራችሁ ከሆነ፣ አዲስ ማሽን ግዙ ከማለቴ በፊት የማሽናችሁን ሜኑ ከፍታችሁ አምፑሉ ስንት ሰዓት እንደሠራ ተመልከቱ፤ ሸራውንም ማሽኑ በሚችለው ልክ አጥብቡት። ተመልካች ሆይ፣ አንተም «ፊልሙ ጨለማ ነው» ብለህ ከመውጣትህ በፊት የመጨረሻውን የስም ዝርዝር እይ። ነጩ ጽሑፍ ራሱ ግራጫ ከሆነብህ ጥፋቱን መጀመሪያ ከማሽኑ ፈልግ፤ ውጣና ተቆጣጣሪውን ጠይቅ። ለጠቆረ ሙዝ ከባለ ሱቅ ጋር የሚሟገት ሕዝብ ለጠቆረ ፊልም ዝም የሚልበት ምክንያት አይታየኝም።

ሙዝን ካነሳሁ፣ እራት ላይ የተማሪዬ አባት ያሉኝን ልንገራችሁ። የላንቴ ሙዝ አዲስ አበባ ደርሶ ሲጠቁር «የላንቴ ገበሬ መጥፎ ሙዝ ላከ» ይባላል አሉኝ። «እኛ የላክነው ደህናውን ነው ልጄ። ማን እንደረገጠው ግን ማንም አይጠይቅም።»

ካሜራ የያዝከው ልጅ፣ ይኼን ካነበብክ፦ ኮቱን አይቼዋለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ።