መጀመሪያ ቅዝቃዜ፣ ቀጥሎ ማጣሪያ

በሐምሌ ወር ቨርጂኒያ ውስጥ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የአየሩ እርጥበት ደግሞ 70 በመቶ ሲሆን፣ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 21 ግራም ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ አለ። በዓይን አይታይም፤ ሸሚዝ ከጀርባ ጋር ሲጣበቅ ግን ይታወቃል። ባለ 9 ሊትር ሲሊንደር ከባዶ ተነስቶ እስከ 300 ባር ለመሙላት ከውጭ ወደ 2,400 ሊትር አየር መሳብ ያስፈልጋል። ሂሳቡ ሲመታ 50 ግራም ውሃ ይመጣል፤ አንድ የቡና ስኒ ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ርካሽ ኮምፕሬሰር ገዝቶ ጋራዡ ውስጥ የሚያስነሳ የአየር ጠመንጃ ባለቤት ይህ ሁሉ ውሃ የት እንደገባ ማወቅ አለበት። ማሽኑ ካላስወጣው ሲሊንደሩ ውስጥ ነው ያለው፤ ከሲሊንደሩም ወደ ጠመንጃው ይሄዳል።

ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ዛሬ በብዛት የሚተኮስባቸው የአየር ጠመንጃዎች አስቀድሞ የታመቀ አየር የሚሞላባቸው ናቸው። ከአፈሙዙ ሥር ባለች ቱቦ ወይም ጠርሙስ ውስጥ ከ200 እስከ 300 ባር ግፊት ያለው አየር ይቀመጣል፤ ቃታው በተሳበ ቁጥር ጥቂቱ ያመልጥና ጥይቷን ይገፋል። በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ወደ ኦሊምፒክ የገባው የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድርም ዛሬ የሚካሄደው በዚሁ ዓይነት፣ 200 ባር በሚሞሉ መሣሪያዎች ነው። ጎሚስታ ቤት የምናውቀው ኮምፕሬሰር 8 ወይም 10 ባር ላይ ይቆማል። እዚያም እንኳ ከታንከሩ ሥር ያለችው ቧንቧ ስትከፈት ዝገት የቀላቀለ ውሃ ይፈሳል። እኛ የምናምቀው ከዚያ 30 እጥፍ ነው። ድሮ እንዲህ ያለ ግፊት የሚገኘው ከጠላቂዎች ሱቅ ወይም በብዙ ሺህ ዶላር ከሚገዛ ማሽን ነበር። አሁን ከቻይና የሚመጣ፣ ቴስታታው በባልዲ ውሃ የሚቀዘቅዝ ኮምፕሬሰር በጥቂት መቶ ዶላር በር ድረስ ይመጣል። ማሽኑን አልንቀውም። ከዋጋው በላይ ይሠራል። ያነሰው ነገር አየሩን ማድረቅ ነው፤ ያንን ደግሞ ገዢው ራሱ ማሟላት አለበት።

ጠመንጃ ውስጥ የገባ ውሃ ቶሎ ምልክት አይሰጥም፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። አንድ ወዳጄ ጥይቱ ከላይ ወደ ታች እየተበተነ አስቸግሮት መሣሪያውን አምጥቶልኝ ነበር። የጥይት ዓይነት ለውጧል፣ የማነጣጠሪያ መነጽሩን ፈትቶ እንደገና አስሯል፣ አፈሙዙን ደጋግሞ ወልውሏል። የአየሩን ግፊት የሚመጥነውን ሬጉሌተር ስፈታው ነገሩ ተገለጠ። የጠመንጃ ሬጉሌተር ውስጡ ጎበጥ ያሉ ትናንሽ የብረት ዋሸሮች ፊትና ጀርባ ተደራርበው ስፕሪንግ የሚሠሩበት ዕቃ ነው። ዋሸሮቹ ጠርዛቸው ቡናማ ዝገት ይዞ፣ አንዱ ካንዱ ተጣብቆ ነበር፤ በጣት ሲዳሰሱ ይሻክራሉ። ከአልሙኒየሙ አካል ላይ ደግሞ ነጭ ዱቄት ተነሳ። ዋሸሮቹ ሲሻክሩ ሬጉሌተሩ የሚዘጋበት ግፊት ከተኩስ ተኩስ ይለያያል፤ ግፊቱ ከተለያየ የጥይቷም ፍጥነት ይለያያል፤ በ50 ሜትር ላይ ያ ልዩነት በወረቀቱ ላይ ቁልቁል ተሰልፎ ይታያል። ሰውየው ለወራት ሲወቅሰው የኖረው ዕቃ ሁሉ ደህና ነበር። ጥፋቱ ከጠመንጃው ውጭ፣ ከአሞላሉ ነው።

በነገራችን ላይ ከ1780 ገደማ ጀምሮ የኦስትሪያ ጦር የታጠቀው፣ በኋላም አሳሹ ሜሪዌዘር ልዊስ ወደ ምዕራብ አሜሪካ ባደረገው ጉዞ ይዞት እንደነበር የሚታመነው የጂራንዶኒ የአየር ጠመንጃ በእጅ ፓምፕ 1,500 ጊዜ ያህል ተገፍቶ ነበር የሚሞላው። የዚያ መሣሪያ ማሸጊያ ቆዳ ስለነበር አየር እንዳያሾልክ ሁልጊዜ እርጥብ መሆን ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ግፊቱ ብዙ እጥፍ ጨምሯል፤ ማሸጊያው ጎማ ሆኗል፤ ውሃ የሚፈለግበት ቦታ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሰዎች ስለ እርጥበት ሲጠይቁኝ የሚጀምሩት «የትኛው ማጣሪያ ጥሩ ነው?» ብለው ነው። እኔ የምመልሰው አየሩ ማጣሪያው ዘንድ ሲደርስ ስንት ዲግሪ እንደሆነ በመጠየቅ ነው።

አንድ ቦታ ሊይዘው የሚችለው የእንፋሎት መጠን የሚወሰነው ከሁሉም በላይ በሙቀት ነው። አንድ ሜትር ኩብ ቦታ በ60 ዲግሪ እስከ 130 ግራም እንፋሎት ይይዛል፤ በ30 ዲግሪ 30 ግራም፣ በ20 ዲግሪ 17 ግራም፣ በ10 ዲግሪ 9 ግራም ብቻ። አየሩን 150 ጊዜ ስናምቀው ቦታው 150 ጊዜ ይጠባል፤ ውሃው ግን ያው ነው። ቦታ ያጣው እንፋሎት፣ ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ እንደሚያልበው፣ ወደ ጠብታ ይለወጣል። ስለዚህ ግፊት ራሱ ውሃን ከአየር ይጨምቃል፤ ከማንኛውም ማጣሪያ የበለጠ ሥራ የሚሠራውም እሱ ነው። ግን አየሩ እስካልቀዘቀዘ ድረስ ጠብታ ሳይሆን የሚያልፍ እንፋሎት ይቀራል። በ150 ባር 60 ዲግሪ ላይ ያለ አየር በ20 ዲግሪ ካለው ከ7 እጥፍ በላይ ውሃ በእንፋሎት ይዞ ያልፋል።

እንግዲህ ርካሹን ማሽን እንየው። የውሃ መለያ ተብላ አብራ የምትመጣው አጭር ሲሊንደር ብዙውን ጊዜ ቴስታታው አጠገብ ተበይዳ ወይም ታስራ ነው የምትገኘው። ማሽኑ ትንሽ እንደሠራ ያቺን መለያ በባዶ እጅ ይዞ መቆየት አይቻልም። ውስጧ ያለው ጥጥ ዘይቱን ጥቂት ይይዛል፤ ውሃው ግን ገና ሁሉም ጠብታ አልሆነም፤ የቀረው በእንፋሎት መልክ ሾልኮ ያልፋል። ከዚያ በቀጭኑ ቱቦ ሲሄድ ይቀዘቅዝና ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ ጠብታ ይሆናል። ሁለተኛ ማጣሪያ ጨምረን ብናስር፣ ሁለተኛውም ትኩስ ከሆነ ነገሩ ያው ነው። ለማድረቂያ ኬሚካል ብዙ ብር የሚያወጡ፣ በየጊዜው ረጠበብን የሚሉ ሰዎች ችግራቸው ይኸው ነው፤ ኬሚካሉ በቅዝቃዜ መውደቅ የነበረበትን ውሃ እንዲሸከም ተደርጓል።

የእኔ አሠራር እንዲህ ነው። አየሩ ከማሽኑ እንደወጣ ለዚህ ግፊት ተብሎ በተሠራ፣ ጥቅልል ባለ የማይዝግ ብረት ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ጥቅልሉ በረዶ ባለበት የውሃ ባልዲ ውስጥ የተነከረ ነው። ይህ ባልዲ ቴስታታውን ከሚያቀዘቅዘው ባልዲ የተለየ መሆን አለበት፤ የማሽኑ ባልዲ ሥራ በጀመረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይሞቃልና ጥቅልሉን እዚያ መንከር ምንም ትርጉም የለውም። ከጥቅልሉ የወጣው አየር ከታች በኩል ረዘም ወዳለ መለያ ይገባል። መለያው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ውሃው በክብደቱ ወደ ታች ወርዶ የሚጠራቀምበት ቦታ ያስፈልገዋል። ጎኑን ተኝቶ የታሰረ መለያ አይቻለሁ፤ የተጠራቀመውን ውሃ አየሩ መልሶ ይጠርገዋል። የኬሚካል ማድረቂያው ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

ከማድረቂያው ቀጥሎ ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘለው ዕቃ አለ፤ ግፊት አቆያ ቫልቭ። ለሰው መተንፈሻ አየር የሚሞሉ ትልልቅ ኮምፕሬሰሮች ሁሉ አላቸው። ሥራው ማጣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት አንድ ደረጃ፣ ለምሳሌ 150 ባር፣ ሳይደርስ አየር ወደ ሲሊንደሩ እንዳያልፍ መከልከል ነው። ለምን ያስፈልጋል? ባዶ ሲሊንደር ስንሞላ በመጀመሪያ ማጣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት 20 ባር፣ 30 ባር ነው። በዚያ ግፊት ቦታው ገና ሰፊ ነው፤ ውሃው በሚገባ አይጨመቅም። እንዲያውም በጣም እርጥቡ አየር የሚገባው በዚያ መጀመሪያ ሰዓት ነው። ቫልቩ ካለ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ አየሩ በሙሉ ግፊት ተጨምቆ ነው የሚያልፈው። በእኔ ግምት ከጥቅልሉ ቀጥሎ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ይህ ነው፤ ባለቀለም ትልልቅ የማጣሪያ ዕቃዎች ከዚህ በኋላ ይምጡ።

ማድረቂያው የቀረችውን ትንሽ ውሃ ብቻ እንዲይዝ ነው የምፈልገው። የቀረችው ትንሽ ብትሆንም ችላ አትባልም፦ በ150 ባር የተለየ አየር ሲሊንደሩ ውስጥ 300 ባር ሲደርስ ቦታው እንደገና በግማሽ ይጠባል፤ ሲሊንደሩም በታኅሣሥና በጥር ብርድ መኪና ውስጥ ሊያድር ይችላል። ለዚህ ሞለኪውላር ሲቭ የሚባሉትን ትናንሽ እንክብሎች እጠቀማለሁ። 4ኤ የሚባለው ዓይነት ቀዳዳው 4 አንግስትሮም ገደማ ነው፤ የውሃ ሞለኪውል ከ3 ስለሚያንስ ገብቶ ይቀራል። 13ኤክስ የሚባለው ሰፋ ያለ ቀዳዳ አለው፤ ለዚህ ሥራ ሁለቱም ይሆናሉ። ሌላው ማድረቂያ፣ ሲሊካ ጄል፣ እርጥብ አየር ላይ ጎበዝ ነው፤ ሲሞቅ ግን ይደክማል። እኔ ከእሱ ጥቂት ፍሬ ቀለም የሚቀይረውን መውጫው ላይ አደርጋለሁ፤ ብርቱካናማው ወደ አረንጓዴ ከተለወጠ ውሃ እስከዚያ ደርሷል ማለት ነው። ከላይም ከታችም ጥቅጥቅ ያለ ፌልት መኖር አለበት፤ እንክብሎቹ ሲፋተጉ የሚያወጡት ዱቄት ቫልቭ ውስጥ ከገባ ከውሃ ያልተናነሰ ጉዳት ያደርሳል።

ሞለኪውላር ሲቭ የክብደቱን አንድ አምስተኛ ያህል ውሃ ይይዛል። 100 ግራም ከሞላችሁ 20 ግራም ውሃ ያነሳል ማለት ነው። ያ 50 ግራም ውሃ እንዳለ ቢመጣበት አንድ ሲሊንደር ግማሽ ሳይደርስ ይጠግባል። ጥቅልሉና ቫልቩ ሥራቸውን ከሠሩ ግን በአንድ ሙሌት ከ1 ግራም በታች ነው የሚደርሰው። ይህን በግምት አልተወውም። እንክብሎቹ ያሉበትን ካርትሬጅ ሲሊንደር ከመሙላቴ በፊትና በኋላ በኩሽና ሚዛን እመዝነዋለሁ። ባለ 100 ግራሙ 10 ግራም ሲጨምር አወጣዋለሁ። ዘይት ያልሸተተ ከሆነ በሰፊ ትሪ ላይ አስጥቼ በ250 ዲግሪ ምድጃ ለሁለት፣ ለሦስት ሰዓት አደርቀዋለሁ፤ ገና ለብ እያለ ክዳኑ በሚገጥም የመስታወት ዕቃ ውስጥ ይታሸጋል። ዘይት የሸተተው ይጣላል።

ማሽኑ ሲሠራ ከአጠገቡ አልርቅም። በየ5 ደቂቃው መለያውን አስተነፍሰዋለሁ። መክፈቻው ቀስ ተብሎ ነው የሚላቀቀው፤ በአንድ ጊዜ የተከፈተ ግፊት የኦሪንጎችን ውስጥ ያቆስላል፣ የወጣውም አየር ስለሚቀዘቅዝ ቀዳዳው በበረዶ ሊደፈን ይችላል። የሚወጣው ፈሳሽ ነጣ ያለ፣ ዘይትና ውሃ የተዋሐደበት ነው። እኔ በጠርሙስ ተቀብዬ መጠኑን አያለሁ። ዴንቨር ያለ ጓደኛዬ የእኔን ግማሽ እንኳ አያገኝም፤ እዚያ በ30 ዲግሪ እርጥበቱ 20 በመቶ ሲሆን በሜትር ኩብ 6 ግራም ብቻ ነው ያለው። የአዲስ አበባን የበጋ አየር የሚያስታውስ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። ቨርጂኒያ ሐምሌ ላይ ከመለያዬ ጥቂት ጠብታ ብቻ ቢወጣ ግን ደስ አይለኝም። የጎደለው ውሃ ወደፊት አልፏል፤ ማሽኑን አጥፍቼ ጥቅልሉን አያለሁ።

ስለ ደኅንነት ማለት የምፈልገው አጭር ነው፤ ግን የሚቀለድበት አይደለም። 300 ባር ሰው ይገድላል። ቱቦ፣ መጋጠሚያ፣ መለያ ሁሉ የሚችለው ግፊት የተጻፈበት፣ ከምትሞሉት በላይ የሚችል ይሁን፤ ቤት ውስጥ የተበየደ ዕቃ በፍጹም አይገባም። የሚፈነዳ የደኅንነት ዲስክ የሌለው ማጣሪያ አትግዙ። ተራ ግሪስና የሞተር ዘይት በዚህ ግፊት ሊቀጣጠል ስለሚችል ለኦሪንግ የሲሊኮን ቅባት ብቻ ነው። ኦክስጅን ወደ አየር ጠመንጃ አይሞላም። ከዚህ ማሽን የወጣ አየር ደግሞ ለጠላቂ አይሰጥም፤ የአውሮፓው የመተንፈሻ አየር ደረጃ፣ ኢኤን 12021፣ ከ200 ባር በላይ ለሚሞላ ሲሊንደር የሚፈቅደው ውሃ በሜትር ኩብ 35 ሚሊግራም ነው፤ ስለ ዘይትና ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድም የራሱ ገደብ አለው። እኛ የምንጀምረው ከ21,000 ሚሊግራም ነው።

በወር አንድ ጊዜ ለሚተኩስ ሰው ኮምፕሬሰር ግዛ አልለውም። ከጠላቂዎች ሱቅ የተሞላ ሲሊንደር ይበቃዋል፤ አየሩም ደረቅ ነው። በየሳምንቱ ለሚተኩስ ግን ማሽኑ ያዋጣል፤ የጥቅልሉንና የቫልቩን ዋጋ ከማሽኑ ዋጋ ጋር ደምሮ ካሰበ ብቻ። አሜሪካ ውስጥ የካርቦን ፋይበር ሲሊንደር በየ5 ዓመቱ በውሃ ግፊት ይፈተሻል፤ አብዛኞቹም ዕድሜያቸው 15 ዓመት ነው። ለፍተሻ ስትሰጡት ቫልቩ ሲፈታ የውስጡን አልሙኒየም አሳዩኝ በሉ። ጠረጴዛዬ ላይ ከዋሸሮቹ አጠገብ ያየሁት ዓይነት ነጭ ዱቄት ካለበት ሲሊንደሩን አጽድተው እንዲመልሱላችሁ ጠይቁ፤ ቤት ስትደርሱም ማጣሪያ ከመለወጣችሁ በፊት አየሩ ስንት ዲግሪ ሆኖ እንደሚደርሰው ለኩ።