ማጽናኛ ወይስ ማደንዘዣ?

ሞያሌ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ከተሞች ናት። ከናይሮቢ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚዘልቀው ጎዳና በመካከሏ ያልፋል፤ ድንበሩም እንዲሁ። በኬንያ በኩል ባለው ሞያሌ ቦረንኛው፣ ሶማልኛው፣ ቡርጂኛው፣ ኪስዋሂሊውና አማርኛው በአንድ ገበያ ይሰማሉ። ቀን ቀን አማርኛ በአብዛኛው የዋጋ ክርክርና የመንገድ ጉዳይ ቋንቋ ነው። ሲመሽ ግን ቡና ተፈልቶ፣ ቤተሰብና ጎረቤት ተሰብስቦ ቴሌቪዥን ሲከፈት፣ ያው ቋንቋ የፍቅር፣ የቅናትና የሳቅ ቋንቋ ይሆናል። አማርኛም ኪስዋሂሊም ሰዓትን ከንጋት ጀምረው ስለሚቆጥሩ ይህ ጊዜ በሁለቱም ዘንድ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው።

ይህን የምሽት ልማድ ሐያስያን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። ተከታታይ ድራማ «ጊዜ ማሳለፊያ» ተብሎ ይታለፋል፤ ከፍ ሲልም «የሕዝብ ማደንዘዣ» ተብሎ ይወገዛል። ይሁንና ፍርዱ የሚሰጠው ሰዎቹ የሚኖሩበትን ቦታ ሳያዩ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሐምሌ 2004 ዓ.ም. በሞያሌ በተነሣው ግጭት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ኬንያ ሸሹ። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ደግሞ ግጭቱ በኬንያ በኩል ሆነና ስደቱ ወደ ኢትዮጵያ ዞረ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ሰላማዊ ሰዎች በወታደሮች ተገድለው ብዙ ሺህ ሕዝብ እንደገና ድንበሩን ወደ ኬንያ ተሻገረ። እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ ነገ ማታም በዚያው ሰዓት የሚመጣ ታሪክ መጠበቅ ስንፍና አይደለም። ነገ እንዳለ ማመን ነው።

በርግጥ የሚያጽናና ሁሉ መልካም ነው ማለት አይቻልም። ማጽናኛና ማደንዘዣ በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ሕመምን ያስታግሳሉ። ስለዚህ የሒስ ሥራ መዝናኛውን በጅምላ መኰነን ሳይሆን አንዱን ከሌላው መለየት ነው። መለያው ምንድን ነው?

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሥርጭቱን ሲጀምር የቱርክ፣ የኮሪያና የላቲን አሜሪካ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ አቀረበ። በጥቂት ወራት ውስጥ በየቤቱ የሚታይ ሆነ። የአገር ውስጥ የፊልምና የቴአትር ሰዎች ተቃውሞም ወዲያው ተሰማ። ከተቃውሞው አንዱ ክፍል የእንጀራ ጉዳይ ነበር፤ ተመልካቹና ማስታወቂያው ወደ ውጭ ሥራ ካዘነበለ የአገሬው ተዋናይና ደራሲ ምን ይበላል የሚል። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ክፍል ግን ድራማዎቹ ባዕድ ስለሆኑ ባህል ያጠፋሉ የሚል ነበር። በዚህኛው ተቃዋሚዎቹ መለኪያውን ስተዋል። የአንድን ሥራ የትውልድ አገር መጠየቅ ሥራው በአድማጩ ላይ የሚያደርገውን አይናገርም።

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ራሱ ለዚህ ምስክር አለው። ገጣሚና ጋዜጠኛ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሳለ በማርጋሬት ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1936 የታተመውን የአሜሪካ ልብ ወለድ ተረጐመ። ወረቀት ስላልነበረ የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚገኘው ወረቀት ላይ ነበር፤ 3,000 ያህል ቁራጭ ወረቀት ፈጅቷል። ትርጉሙ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርዕስ ታተመ። ታሪኩ የሩቅ አገር የፍቅርና የጦርነት ታሪክ ነው፤ ከኢትዮጵያዊ እስረኛ ኑሮ ጋር አንድም የሚያገናኘው ነገር የለውም። ነገር ግን እስረኞቹ በገዛ ቋንቋቸው እንዲያዳምጡት አንድ ሰው የቃል ምርጫ ላይ ደከመ። ባዕዱን ታሪክ የእነርሱ ያደረገው ይህ ድካም ነው።

ሌላው ምስክር የበለጠ የታወቀ ነው። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ደግሞ መጽሐፉን አንብቦ የማያውቅ ሰው ሁሉ የታሪኩ ባለቤት ሆነ። እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ነገር አለ። ይህ ታሪክ አሳዛኝ ነው። በዛብህና ሰብለ ወንጌል የሚገናኙት ሞት ደጃፍ ላይ ነው፤ መጽሐፉ ፍጻሜውን ገና ከርዕሱ ይናገራል። ሆኖም በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ለብዙ ዓመታት እንደ እርሱ ቤት ያሞቀ ትረካ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። መጽናናት ማለት ደስ የሚል ፍጻሜ ማየት ቢሆን ኖሮ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር።

ያጽናናው የወጋየሁ ድምፅ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ቁጣቸው፣ ጉዱ ካሣ ሲናገር ምፀቱ፣ ሰብለ ወንጌል ስትጨነቅ ትንፋሿ በአንድ ሰው አንደበት ተለይቶ ይሰማል። አድማጩ ሐዘኑን ብቻውን አይሸከምም፤ የሚያውቀው፣ የማይቸኩል ሰው አብሮት ይሸከማል። ማደንዘዣ ሕመሙን ከሰው ይሰውራል፤ ይህ ትረካ ግን ሕመሙን ግልጥ አድርጎ እያሳየ ያበረታል።

በዚህ መለኪያ ሲታዩ የቃና ድራማዎች ግማሽ መንገድ ሄደው የቆሙ ናቸው። ታሪኮቹ ቤተሰብ፣ ውርስ፣ የተደበቀ ልጅ፣ የአማትና የምራት ጠብ የሚያነሡ ስለሆኑ ለሞያሌ ተመልካች ባዕድ አልሆኑም። ጉድለቱ ያለው በአማርኛቸው ላይ ነው። በድምፅ ቅጂ ሥራ ተርጓሚው የሚገዛው ለተዋናዩ ከንፈር ነው፤ አፍ በተከፈተበት ልክ ቃል ያስገባል፣ በተዘጋበት ያቆማል። ስለዚህ የሚሰማው ንግግር የተስተካከለ፣ ግን ጨው ያነሰው የከተማ አማርኛ ይሆናል። የኢስታንቡል ባለጸጋ፣ የሜክሲኮ አትክልተኛና የሴኡል ተማሪ በአንድ ዓይነት አነጋገር ያወራሉ። አሮጊት እንደ አሮጊት አትመርቅም፤ የተበደለ ሰው እንደ ባላገር አይራገምም፤ ተረትና ምሳሌ ቢመጣ እንኳ እንግዳ ሆኖ ነው።

ጉዳዩ በኬንያ በኩል ለሚያድግ ልጅ ከሌላው የበለጠ ይከብዳል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛና በኪስዋሂሊ ነው፤ አማርኛን የሚያገኘው ከወላጆቹ አፍና ከስክሪኑ ነው። ፊደል ሳይቆጥር ቋንቋውን እንዲሰማ ያደረገው ያ የተናቀ ድራማ መሆኑ ሊካድ አይገባም። በዚህ ረገድ ድራማው ከብዙ የባህል ንግግሮች የበለጠ ሠርቷል። ነገር ግን ልጁ የሚወርሰው አማርኛ «እወድሃለሁ»፣ «ለምን ዋሸኸኝ» እና «ሁሉንም ነገር አውቃለሁ» ብቻ ከሆነ፣ የሚያዝንበትና የሚቀልድበት ቋንቋ ይጐድለዋል።

የአገር ውስጥ ድራማዎችም ከዚህ ሒስ ነፃ አይደሉም፤ አንድ ብልጫ ግን ነበራቸው። «ሰው ለሰው» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲታይ ተመልካቹ ቀጣዩን ክፍል የሚያየው ከሳምንት በኋላ ነበር። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ለመገመት፣ በተንኰሉ ለመራገምና በብልጠቱ ለመደነቅ ሰው ሙሉ ሳምንት ነበረው። ያ ክፍተት የተመልካቹ ነበር፤ ታሪኩን በገበያና በሥራ ቦታ እየተቀባበለ ይቀጥለው ነበር። በየቀኑ የሚጎርፍ ድራማ ይህን ክፍተት ይዘጋዋል። የትናንቱ ሳይብላላ የዛሬው ይመጣል፤ ተመልካቹም ከመናገር መዋጥን ይለምዳል። ማደንዘዝ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ፍርድ ድራማውን አጥፉ የሚል አይደለም። ድምፅ የሚቀዱ ስቱዲዮዎች ተርጓሚን እንደ ቃል ለኪ ሳይሆን እንደ ደራሲ ሊቆጥሩት ይገባል፤ የሚመርቅና የሚራገም አማርኛ ከከንፈር ጋር ማስማማት ከባድ ቢሆንም የማይቻል አይደለም። ቤተሰብም የበኩሉን ማድረግ ይችላል። የወጋየሁ ትረካ ዛሬ በእጅ ስልክ የሚገኝ ነው፤ ከድራማው በኋላ አንድ ክፍል ቢደመጥ ልጆች አንድ ቋንቋ በሁለት ልብስ ይሰሙታል፣ የቱ እንደሚሞቅም ራሳቸው ይለያሉ።

ቡናው በአቦል ተጀምሮ በቶና አልፎ በረካ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰው ስላየው ነገር ከተከራከረ፣ ከሳቀ ወይም የራሱን ታሪክ ካስታወሰ ያየው ድራማ የሠራው ሥራ አለ። ሁሉም ዝም ብሎ ቀጣዩን ክፍል ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ ግን ታሪኩ ከየትም ይምጣ፣ ቤቱን ያሞቀው ፍሙ ብቻ ነው።