የምስሉ እግር

ባቱ ላይ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ ከዓሣ ቤቶቹ አለፍ ብሎ የእንጨት ምስል እየጠረበ የሚሸጥ አንድ ወጣት አለ። ደንበኛው ነኝ፤ ቤቴ ካሉት ሰባት ምስሎች ስድስቱን የገዛሁት ከእሱ ነው። ሁሉንም «የኮንሶ ዋካ» ይላቸዋል። እሱ ግን ተወልዶ ያደገው እዚሁ ባቱ ነው፤ ኮንሶን በዓይኑ አላየም።

ይህ ነገር በእኛ አልተጀመረም። አሜሪካ ውስጥ ሆፒ የተባሉት ነባር ሕዝቦች የካቺና መናፍስትን ምስል ከዛፍ ሥር ጠርበው ለሴት ልጆቻቸው ይሰጣሉ። ምስሉ ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል ነውና መቆሚያ አልነበረውም። ጎረቤቶቻቸው ናቫሆዎች ደግሞ ያንኑ ለገበያ ይጠርባሉ፤ ፀጉርና ላባ ያለብሱታል፣ ጣውላ ላይም ያቆሙታል። የሰብሳቢ መደርደሪያ መቆሚያ ይፈልጋላ! እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ የአገሪቱ ሕግ የአንዱን ነገድ ሥራ የሌላው ነው ብሎ መሸጥን ይከለክላል።

ወደ ዋካው ልመለስ። ዋካ ለሞተ ጀግና መታሰቢያ የሚተከል ምስል ነው። ጀግናው ግንባሩ ላይ ከለቻ አድርጎ መሃል ይቆማል፤ ሚስቶቹ ከግራ ከቀኝ፣ የገደላቸው ጠላቶችና አውሬዎችም አብረውት ይቆማሉ። እንግዲህ ታሪኩ የሚነበበው ሁሉም በአንድነት ሲቆሙ ነው። የባቱው ምስል ግን ሚስትም ጠላትም የለው፤ ለብቻው፣ በጥቁር ቀለም ተወልውሎ ፈገግ ይላል። ጀግና መሆኑን በምን ልወቅ? ጉድለቱ ይህ ነው። እጁ ግን ጎበዝ ነው፤ በተለይ ትከሻ ሲጠርብ። «ዋካ» ማለቱን ትቶ ከሥሩ የራሱን ስም ቢጽፍ ከዋጋው ሰባራ ሳንቲም አልቀንስበትም ነበር።

ሰባተኛውን ከሌላ ሰው ነው የገዛሁት። ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቀበት፣ ፊቱ የተሰነጣጠቀ ነው። ለመጣው እንግዳ ሁሉ «እውነተኛው ይኸውላችሁ» እያልኩ ስኩራራበት ከረምኩ። አምና ኮንሶ ወረድኩ። የኮንሶ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ሙዚየሙ ውስጥ ደግሞ ከሌባ እጅ የተመለሱ ዋካዎች ቆመዋል። ፊታቸውን ሳይሆን እግራቸውን ሳይ ቆየሁ፤ አፈር ውስጥ የኖረው ክፍል ያስታውቃል።

ቤቴ ስመለስ የእኔን ገለበጥኩት። እግሩ በመጋዝ ተቆርጧል። ቁራጩ ላይ ቫርኒሽ ተቀብቷል።

ለካ «አሮጌ ነው ወይ?» እያልኩ የጠየቅሁት እኔ ነኝ መቃብር ያስቆፈርኩት። የባቱው ልጅ በውሸት ስም ቢሸጥልኝም ከማንም አባት ራስጌ የነቀለው ነገር የለም። ምስሉን ወስጄ ባሳየው በአውራ ጣቱ ዳሰስ አድርጎ፣ «ይኼ የእኔ እጅ አይደለም፤ ወስደህ መልስ» አለኝ።

ለማን? ሙዚየሙ ይቀበለኝ ይሆናል፤ ሚስቶቹ የቀሩበትን ቦታ ግን ማን ያሳየኛል? ለጊዜው በጋቢ ጠቅልዬ አልጋ ሥር አስቀምጬዋለሁ፤ ወደ ኮንሶ የሚወርድ መኪና እያጠያየቅሁ ነው።