የ86ኦፕን ፍጻሜ ስምምነት ነውን?

ዩኒክስንና ዩኒክስን የሚመስሉ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞችን በአንድ ባይነሪ ለማስማማት የተነሣው «86ኦፕን» የተባለው ኮሚቴ ሲበተን፥ የፈለገው የጋራ ደንብ በሊነክስ ባይነሪ እንደ ተገኘ አስታውቆ ነበር። እኛ ግን ይህን ፍርድ ሳንመረምር ልንቀበለው አልቻልንም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን ሁለት ነገሮችን እንለይ። በ1988 የወጣው ፖዚክስ የሚያስማማው የፕሮግራሙን ምንጭ ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉ ያለው ሰው በየሲስተሙ እንደገና ኮምፓይል ሊያደርገው ይችላል። ባይነሪ ግን ተዘጋጅቶ ያለቀ ነው። ሁለት ሲስተሞች በአንድ ዓይነት ኢንቴል 386 ላይ ቢሠሩም፥ ፕሮግራሙ ከርነሉን የሚጠራበት ደንብ ይለያያል፤ ይኸውም ከጥሪው ጋር የሚላኩትን ቁጥሮች ሊነክስ በሬጂስተር ሲቀበል፥ ፍሪቢኤስዲ በስታክ ይቀበላል። ስለዚህ ሠሪው ድርጅት የተዘጋበትን ፕሮግራም የገዛ ሰው፥ ምንጩ በእጁ ስለሌለ፥ ያለ ባይነሪ ውል መድኃኒት የለውም። ክርክሩ በእውነቱ የእርሱ ጉዳይ ነው።

86ኦፕን በ1997 ተነሥቶ በ1999 ተበተነ። ፍጻሜውን የሚደግፍ ሰው፥ በሥራ የተፈተነ ልማድ በወረቀት ከተጻፈ ሕግ ይበልጣል ሊል ይችላል። ይህም ፍሬ የሌለው ክርክር አይደለም። የሊነክስ ስታንዳርድ ቤዝ በ2001 ተጽፎ፥ በ2006 ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ እስከ መሆን ቢደርስም፥ ዴቢያን በ2015 አብዛኛውን ድጋፉን ትቶታል።

ነገር ግን ውል ማለት ሁለቱንም ወገን የሚያስር ነው። የሊነክስ ከርነል ጸሐፊዎች የቀድሞ ፕሮግራሞችን ላለማበላሸት ይጠነቀቃሉ፤ አዲስ ጥሪ ሲጨምሩ ግን ሌላውን የማማከር ግዴታ የለባቸውም፤ ፍሪቢኤስዲ ከኋላ እየተከተለ አስመስሎ መሥራት አለበት። ማይክሮሶፍትም በ2016 የሊነክስን ጥሪዎች በዊንዶውስ ላይ አስመስሎ ካቀረበ በኋላ፥ በ2019 ባሳወቀው ሁለተኛ እትም እውነተኛውን የሊነክስ ከርነል አስገባ። ያን ያህል ሀብት ያለው ኩባንያ በማስመሰል ብቻ ካልረካ፥ ጥቂት ሰዎች ያሉት ማኅበር ምን ያህል ይደክም!

እንግዲህ በእኛ አስተያየት 86ኦፕን የሆነውን ነገር በትክክል አይቷል፤ ስሙን ግን አሳስቷል። የተገኘው ስምምነት ሳይሆን ተከታይነት ነው። ውል ቢጻፍም የሚጠብቀው ከሌለ፥ ቢጠበቅም ሌላው ወገን ካልተማከረበት፥ ጎደሎ ነው። በዚህ ጉዳይ የሚጽፉ ጓደኞቻችን «የትኛው አሸነፈ?» ከማለት ይልቅ «ማን ለማን ታሰረ?» ብለው ቢጠይቁ መልካም ይመስለናል።