ከደጃፍ እስከ ረከቦት፦ ስለ ተማሪዎች አጭር ፊልምና ስለ ምስል ተከታታይነት

የፊልም ሥራ በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ለጀማሪ የሚሰጥ አንድ የታወቀ መልመጃ አለ። አንድ ሰው በር ይከፍታል፤ ክፍሉን አቋርጦ ይሄዳል፤ ከሌላ ሰው ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ሁለቱ ጥቂት ቃላት ይለዋወጣሉ። ከዚህ ሌላ ታሪክ የለውም። የሚፈለገውም ታሪኩ ሳይሆን፣ በተለያየ ሰዓትና ከተለያየ ማዕዘን የተነሡት ቁርጥራጭ ምስሎች ሲገጣጠሙ ተመልካቹ መጋጠሚያውን ሳያስተውል አንድ ያልተቋረጠ ድርጊት እንዲያይ ማድረግ ነው። መልመጃው ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን የጀማሪው ድክመት ሁሉ የሚጋለጠው እዚሁ ላይ ነው።

ይኸው መልመጃ ለጅማ፣ ለአጋሮ ወይም ለሊሙ ገነት ተማሪ ቢሰጥ ታሪክ ፍለጋ መድከም አያሻውም። ጎረቤት ቡና ተጠርቶ ይመጣል፤ በሩን ገፋ አድርጎ ይገባል፤ ጅማ በምትታወቅበት ባለሦስት እግር በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ ቡና ከምታፈላው ሴት ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል። ጉዳዩ ግን ከመልመጃነት ያልፋል። የቡና ሥርዓት በማስታወቂያና በዘፈን ምስሎች ውስጥ አዘውትሮ የሚታየው ተበጣጥሶ ነው፤ የእጣን ጢስ፣ ከጀበና የሚወርድ ቀጭን ቡና፣ ፈገግ ያለች ቆንጆ፣ እንደገና ጢስ። ቡናውን ማን አጠበው? ማን ቆላው? ማን ወቀጠው? ያ ሁሉ የሴት ድካም ወደ ጌጥነት ተለውጦ ይቀራል። በተከታታይነት ደንብ የሚሠራ ተማሪ ግን እንዲህ በቀላሉ አያመልጥም፤ ሙቀጫው ውስጥ የገባው ቡና ከምጣዱ የወጣው መሆኑን ማሳየት ግድ ይለዋልና።

የመጀመሪያው ደንብ ድርጊትን ከድርጊት ማጋጠም ነው። ከደጅ የተነሣው ምስል እጅ በሩን መግፋት ሲጀምር ይቆረጣል፤ ከውስጥ የተነሣው ያንኑ ግፊት ተቀብሎ ይጨርሳል። የፊልም ጥበብ በልጅነቱ ይህን አያውቅም ነበር። ኤድዊን ፖርተር እ.ኤ.አ. በ1903 ባቀረበው «የአሜሪካዊው እሳት አጥፊ ሕይወት» በተሰኘው ፊልም አንዲት ሴት ከቃጠሎ ስትድን መጀመሪያ ከክፍሉ ውስጥ ትታያለች፤ ከዚያም ያው ድርጊት ከውጭ በኩል እንደ አዲስ ይደገማል። የዛሬም ጀማሪ ሳያውቀው ፖርተርን ይደግማል፤ እንግዳው አንድ ጊዜ የከፈተውን በር እንደገና ሲከፍት እናየዋለን። መድኃኒቱ ድርጊቱን በሁለቱም በኩል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንሥቶ፣ መቁረጫውን በቅንብር ጊዜ መምረጥ ነው።

ሁለተኛው የ180 ዲግሪ ደንብ ነው። በእንግዳውና ቡና በምታፈላው ሴት መካከል የማይታይ መስመር እንደ ተዘረጋ ይቆጠራል፤ ካሜራውም ከመስመሩ በአንደኛው ወገን ብቻ ይቆያል። ከተሻገረ ከግራ ወደ ቀኝ ትጓዝ የነበረችው ሲኒ በድንገት ከቀኝ ወደ ግራ ትመለሳለች፤ ሁለቱ ሰዎችም መተያየታቸው ቀርቶ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚመለከቱ ይመስላሉ። ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ በሆነበት ቤት ውስጥ ካሜራው የሚቆምበትን ወገን ራሱ ብርሃኑ ይወስነዋል፤ ስለዚህ ረከቦቱ የሚቀመጥበት ቦታ አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው የዓይን ከፍታ ነው። መልመጃው ሁለት እኩል ወንበሮችን አስቦ የተዘጋጀ በመሆኑ ይህን አያነሣም። ቡና የምታፈላ ሴት ከረከቦቱ ኋላ ዝቅ ብላ ትቀመጣለች። ካሜራው በቆመ ሰው ቁመት ከተተከለ ሴቲቱ ከላይ ወደ ታች የምትታይ አገልጋይ ትሆናለች፤ የቤቱ እመቤት መሆኗ ይጠፋል። ጃፓናዊው ያሱጂሮ ኦዙ እ.ኤ.አ. በ1953 ባቀረበው «የቶኪዮ ታሪክ» ካሜራውን ወለል ላይ ወደ ተቀመጡት ሰዎች ዝቅ ያደረገበትን መንገድ የጅማ ተማሪ ቢመለከት ከብዙ ትምህርት ይበልጥ ይጠቀምበታል። (ኦዙ ከላይ የተጠቀሰውን መስመር ያለ ይሉኝታ ይሻገር እንደ ነበር ልብ ይሏል! የሚሻገረው ግን ጠንቅቆ እያወቀ ነበር።)

ጊዜና ብርሃንም አሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ሰዓት ያልፋል፤ ፍሙ ይከስላል፤ ሲኒው ይጎድላል። ዝናብ በማይጠፋበት በጅማ ሰማይ ሥር ደግሞ በበሩ የገባው ፀሐይ ሰላምታው ሳያልቅ በደመና ሊሸፈን ይችላል። የሲኒውን ሙላትና ማራገቢያውን የያዘውን እጅ በየቀረጻው የሚመዘግብ አንድ ጓደኛ ከውድ ካሜራ ይልቅ ይጠቅማል። ወንድማማቾቹ ማርክና ኒክ ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ2006 ባቀረቡት «ጥቁር ወርቅ» የኢትዮጵያን ቡና ገበሬና የዓለምን ገበያ እያፈራረቁ በማሳየት ክርክራቸውን አሳክተዋል። ሆኖም ማፈራረቅ ሌላ፣ አንዲት ሴት በሰዓት የምትፈጽመውን ሥራ በአምስት ደቂቃ ሳይዋሹ ማሳየት ሌላ ነው።

ይህ ሁሉ የሆሊውድ ደንብ ነው፣ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ምን ይፈይድለታል የሚል ይኖራል። ተከራካሪው ኃይሌ ገሪማን መጥቀሱ አይቀርም። ኃይሌ በሎስ አንጀለስ ተማሪ ሳለ በሠራው «ቡሽ ማማ» የዚያን ደንብ ማሰሪያዎች ሆነ ብሎ በጣጥሷል፤ እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ደግሞ ገበሬው ሲያርስ ተመልካቹ አብሮት እንዲቆይ ያስገድዳል። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ይሄዳል። ኃይሌ ቀጣይነትን የሰበረው መጋጠሚያው የት እንዳለ ስላወቀ ነው። መጋጠሚያውን ያላወቀ ተማሪ የሚሠራው ብጥስጥስ ምስል ዓመፅ ሳይሆን ስሕተት ነው፤ ተመልካችም ሁለቱን ይለያል።

በመጨረሻ ድምፅ ይቀራል። በጅማ ዙሪያ ባሉ የቡና መንደሮች የሚለዋወጡት ቃላት በአፋን ኦሮሞ ቢሆኑ ለእውነቱ ይቀርባሉ፤ ለሌላው ተመልካች ከሥር ጽሑፍ ይበቃል። የሙቀጫው ድምፅ ደግሞ ካሜራው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለብቻው ሳይቋረጥ ቢቀረጽ፣ በኋላ በእንግዳው አገባብና በአቀማመጡ መካከል ባሉት ቁርጦች ሁሉ ሥር ሊዘረጋ ይችላል፤ ዓይን የሚይዘውን ትንሽ ጉድለት ጆሮ ያልፈዋል።