ፊት የተቀያየረበት ግድግዳ

ስለ ቢዛንታይን ጥበብ ወሬ ሲነሳ ቶሎ የሚወረወር ፍርድ አለ፦ ‹‹ደረቅ ነው››። ሺህ ዓመት ሙሉ ያው ወርቅ፣ ያው የተገለጠ ትልቅ ዓይን፣ ያው ቀጥ ብሎ የቆመ ቅዱስ። ፍርዱ የመንገደኛ ብቻ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኤድዋርድ ጊበን የሮምን ውድቀት ሲጽፍ የቁስጥንጥንያን ሺህ ዓመት እንደ አንድ ረጅም ጣር ነው የቆጠረው። ከእሱ በኋላ የመጡትም ብዙዎቹ ቃሉን ተቀባበሉት።

እኔ በዚህ አልስማማም። ይህ ጥበብ ጸጥ ብሎ የሚታየን ሳይናወጥ ስለኖረ አይመስለኝም። ተከራክሮ፣ ተሰብሮ፣ ተፍቆ፣ እንደገና ተሠርቶ ነው ወደዚያ ጸጥታ የደረሰው። ለዚህ ብዙ ማስረጃ መደርደር አያስፈልገኝም፤ አንድ ግድግዳ ይበቃኛል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በቅድሚያ ግን ስሙን እናጥራ። ‹‹ቢዛንታይን›› ነኝ ብሎ ራሱን የጠራ የቁስጥንጥንያ ንጉሥ የለም። ሰዎቹ ሮማውያን ነን ነው የሚሉት። አሁን የምንጠቀምበትን ስም በሊቃውንት ዘንድ ያስጀመረው ጀርመናዊው ሄሮኒመስ ቮልፍ ነው፤ በ1557፣ ከተማይቱ ከወደቀች ከመቶ ዓመት በኋላ። የእኛ የድሮ መጻሕፍት በዚህ ረገድ ከጊበን ይሻላሉ። ክብረ ነገሥት ዓለምን ለሮምና ለኢትዮጵያ ነገሥታት ሲያካፍል፣ ሮም የሚላት ቁስጥንጥንያን ነው። ከካሌብ ጋር በኢየሩሳሌም ይገናኛል የሚለውም የሮም ንጉሥ ጁስቲን ነው፤ በ520ዎቹ ካሌብ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ ሂምያር ሲዘምት በቁስጥንጥንያ ዙፋን ላይ የነበረው ጁስቲን።

እንግዲህ ወደ ግድግዳው። ቦታው ሐጊያ ሶፊያ ነው፤ የደቡቡ ሰገነት፣ በምሥራቅ ጫፍ። ሦስት ሰዎች በሞዛይክ ተሥለዋል። መሐል ላይ ክርስቶስ መጽሐፍ ይዞ ተቀምጧል። በአንድ ወገን ንጉሡ የገንዘብ ከረጢት ያቀርባል፤ በሌላው ወገን ንግሥቲቱ ጥቅልል ብራና ይዛለች። ከንጉሡ ራስ በላይ ያለው ጽሑፍ ቆስጠንጢኖስ ሞኖማኮስ፣ የሮማውያን ንጉሥ ይለዋል። ንግሥቲቱ ዞኢ ናት።

ለቤተ ክርስቲያን ስጦታ የሚያቀርቡ ባልና ሚስት ናቸው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ጠጋ ብሎ ላየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የንጉሡ ራስ ከአንገቱ ጋር በደንብ አልገጠመም፤ ዙሪያውን የመገጣጠሚያ ምልክት አለ። ስሙ የተጻፈበት ቦታም ተነካክቷል። የዞኢም ፊት ሁለተኛ ሥራ ነው። የክርስቶስም እንዲሁ! ሦስቱም ራሶች ወጥተው በአዲስ ተተክተዋል፤ ልብሱና አካሉ ግን የድሮው ነው።

ለምን? መልሱ ያለው በዞኢ ሕይወት ውስጥ ነው። በ1028 ሮማኖስ 3ኛን ስታገባ ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ ነበር። በ1034 ሮማኖስ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሞተ፤ ሰውም እጇ አለበት ብሎ አማት። ብዙም ሳትቆይ ወጣቱን ሚካኤል 4ኛን አገባች። እሱም በ1041 ሲሞት፣ እንደ ልጅ የያዘችው ሚካኤል 5ኛ ነገሠና በ1042 ጸጉሯን አስላጭቶ ወደ ደሴት ሰደዳት። ይህን ጊዜ ነው ከተማው የፈነዳው። በዚያው ዘመን ቤተ መንግሥቱን በቅርብ ያየው ሚካኤል ፕሴሎስ፣ ከቤታቸው ወጥተው የማያውቁ ሴቶች ሳይቀሩ ለንግሥታቸው እየጮሁ አደባባይ እንደወጡ ጽፏል። ሚካኤል ዓይኑን ታወረ፤ ዞኢ ተመለሰች። ከእህቷ ከቴዎዶራ ጋር ጥቂት ወራት ከገዛች በኋላ ሦስተኛ ባሏን፣ ቆስጠንጢኖስ ሞኖማኮስን አገባች።

እንግዲህ ግድግዳው ላይ ቀድሞ የነበረው ባል ሌላ ነው፤ ብዙዎቹ አጥኚዎች ሮማኖስ ነው ይላሉ። ባል ሲቀየር ሥዕሉን በሙሉ ከማፍረስ ይልቅ ራሱን ብቻ ቀየሩት። ክርስቶስና ዞኢ ለምን አብረው እንደታደሱ አጥኚዎች እስካሁን ይከራከራሉ፤ ዞኢ ስትሰደድ ፊቷ ተፍቆ ነበር የሚሉ አሉ። ያም ሆነ ይህ አንድ ነገር ግልጽ ነው። ያልተለወጠ በሚባለው ጥበብ እምብርት ላይ፣ በታላቁ ካቴድራል ውስጥ፣ የተሰረዘና የተደለዘ ሥዕል ተሰቅሏል።

እዚህ ላይ አንዱ ‹‹ታዲያ ይሄ ተራ የቤተ መንግሥት ፖለቲካ አይደል?›› ቢለኝ፣ ግማሹ ነው እለዋለሁ። ሌላው ግማሽ የሚገባን ለእነዚያ ሰዎች ፊት ምን እንደነበረ ስናውቅ ነው። ከዞኢ ሦስት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ8ኛው ክፍለ ዘመን፣ ነገሥታቱ ራሳቸው በሥዕል ላይ ዘመቱ። ሥዕል ጠሎቹ ሞኞች አልነበሩም፤ መለኮት በቀለምና በጠጠር እንዴት ይወሰናል ብለው ጠየቁ። ከወገናቸው የቀረልን አንድ ትልቅ ሥራ በሐጊያ ኢሬኔ አለ፦ በመቅደሱ ግማሽ ጉልላት፣ በወርቅ መሐል፣ ብቻውን የቆመ መስቀል። ውብ ነው፤ ግን ማንም አያይህም።

ለሥዕል የተሟገቱት ደግሞ፣ አምላክ ሰው ከሆነ ፊት አለው፣ ፊት ካለው ይሣላል አሉ። ከእነሱ መሐል ትልቁ ጠበቃ ዮሐንስ ዘደማስቆ ይህን የጻፈው ከግዛቱ ውጭ፣ በእስላማዊው መንግሥት ሥር እየኖረ ነው፤ የቁስጥንጥንያ ንጉሥ እጅ አይደርስበትም። ጉባኤው በ787 ሥዕልን ፈቀደ፤ በ815 እንደገና ተከለከለ፤ በ843 ንግሥት ቴዎዶራ (የዞኢ እህት ሳትሆን የቀደመችው) መለሰችው። በሐጊያ ሶፊያ መቅደስ ላይ የምትታየው ማርያም ልጇን ታቅፋ የተመረቀችው በ867 ነው።

በአማርኛ ሰውን መግፋት ‹‹ፊት መንሳት›› ነው። የዚያ መቶ ዓመት ክርክርም በአጭሩ ይኸው ነበር፦ ሰማይ ፊት ነስቶናል ወይስ አልነሳንም? በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሱ በሁለት ዓይኑ ሲያይ ክፉው በጎኑ ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ እንደሚታይ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ፊት ለፊት መሣል የችሎታ ማነስ ሳይሆን ውሳኔ ነው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር ራስ ፍቆ ራስ መትከል ቀላል ነገር አልነበረም።

ታዲያ የዞኢ ሥዕል ታላቅ ሥራ ነው ወይ? እንደ ታሪክ አዎ፤ እንደ ጥበብ አይመስለኝም። ፕሴሎስ ንግሥቲቱ በሽምግልናዋም ፊቷ ሳይጨማደድ መቆየቱን ይነግረናል፤ ባለሞያው ግን ከዚያም አልፎ የአሻንጉሊት ፊት ነው የሰጣት። ጉንጯ ላይ ቀለም አለ፣ ሰው ግን የለም። ትእዛዝ የተቀበለ እጅ ሥራ መሆኑ ያስታውቃል።

ለማወዳደር እዚያው ሰገነት ላይ ጥቂት መራመድ ነው። ዴይሲስ የሚባለው ሥዕል አለ፤ ክርስቶስ መሐል፣ ማርያምና መጥምቁ ዮሐንስ ግራና ቀኝ ሆነው ስለ ሰው ሲለምኑ። ብዙ ጊዜ ከ1261 በኋላ እንደተሠራ ይነገራል። በ1204 የመስቀል ጦረኞች ከተማዋን ዘርፈው ሃምሳ ሰባት ዓመት ይዘዋት ነበር፤ ሥዕሉ የመጣው ከዚያ ሐዘን በኋላ ነው። ከታች ያለው አብዛኛው ረግፏል፤ ፊቶቹ ግን አሉ። ጠጠሮቹ በጣም ደቃቅ ከመሆናቸው የተነሳ ጥላው ከጉንጭ ወደ አንገት ሲወርድ ድንበሩ አይታወቅም። የዮሐንስ ግንባር ተኮማትሯል። ማርያም ራሷን ዘንበል አድርጋ እኛን አታየንም፤ የራሷ ጉዳይ አላት። የዞኢ ሥዕል ‹‹እዩኝ›› ሲል ይሄኛው ‹‹ማረን›› ይላል። ሁለቱንም የሠራው ያው ‹‹ደረቅ›› የተባለ ጥበብ ነው፤ ቁሳቁሱም ያው ነው። በሁለት ስስ መስተዋት መሐል የተያዘ የወርቅ ቅጠል፣ እርጥብ ልስን ላይ ዘንበል እያለ የተሰካ፣ ሰው በተራመደ ቁጥር ብርሃኑ የሚንቀሳቀስ። በመጽሐፍ ላይ በታተመ ፎቶ ብቻ የፈረደ ሰው ይህን እንቅስቃሴ አላየውም።

የፊቱ ጣጣ በቢዛንታይኖች አላበቃም። ከ1453 በኋላ ሕንፃው መስጊድ ሆነ፤ ሞዛይኮቹም በጊዜ ሂደት በልስን ተሸፈኑ። በ1847 ሱልጣኑ ሕንፃውን እንዲያድሱ የቀጠራቸው የፎሳቲ ወንድማማቾች ብዙዎቹን ገልጠው፣ ሥለው፣ መልሰው ሸፈኗቸው። ከ1931 ጀምሮ በቶማስ ዊትሞር የተመራ ቡድን ልስኑን ቀስ እያለ አነሳ። በ2020 ሕንፃው እንደገና መስጊድ ሆኗል፤ በስግደት ሰዓት የመቅደሷ ማርያም በመጋረጃ ትሸፈናለች። የሚገርመው፣ ልስኑ አጥፊ ብቻ አልነበረም፤ ከዘመን የጠበቃቸውም እሱ ነው።

የእኔ ክርክር እዚህ ላይ ይቆማል። አንድን ሥልጣኔ ‹‹አልተለወጠም›› ማለት፣ ያደረገውን ጥረት ሁሉ ከእጁ መንጠቅ ነው። የኖረበትን ጭንቅ፣ የጠገነውን ስብራት፣ የደበቀውን ኀፍረት አብረን እንፍቃለን። እና ‹‹ቢዛንታይን ሺህ ዓመት ያው ነው›› የሚል ሰው ከገጠማችሁ ስለ ወርቁ አትከራከሩት። የቆስጠንጢኖስን አንገት አሳዩት።