ኮረብታን በጀርባው መውጣት

ባቲ ዙሪያ በእግሩ ለሚጓዝ ሰው መንገድ ሞልቷል። የሚያስቸግረው ዞሮ የሚመልስ መንገድ ማግኘት ነው። እግር የቆረጠው መንገድ ሁሉ መድረሻ አለው፤ ገበያ፣ ውኃ፣ መስጊድ፣ ማሳ። ጉዳዩን የጨረሰ ሰው በመጣበት ይመለሳል። ስለዚህ እንግዳ ይዤ የምዞርበት መንገድ ከቁርጥራጭ የተሰፋ ነው፤ ገሚሱ የፍየል፣ ገሚሱ የውኃ ቀጂ፣ ጥቂቱ የግመል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው በየት በኩል እንዞራለን የሚለው ነው፤ ሙያውም ያለው እዚህ ላይ ነው። ባቲ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የወሎ ደጋ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ወገብ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ በስተምዕራብ ያሉት ኮረብታዎች ፊታቸው ወደ ንጋት ፀሐይ ነው። እንግዳ ሁሉ በዚያው በፊት ለፊት ቀጥ ብሎ መውጣት ያምረዋል። እኔ ሸለቆውን ይዤ በጀርባ እዞራለሁ። ፀሐይ በእኛ አገር ጠዋት ጠዋት በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ እንግዲህ ወደ ምዕራብ የሚያይ 30 ዲግሪ ተዳፋት ጎህ ከቀደደ በኋላ 2 ሰዓት ያህል ጥላ ነው። በማለዳ የተነሳ ሰው ዳገቱን አብዛኛውን በዚያ ጥላ ይገፋዋል። ቁልቁለቱ በፀሐይ ቢሆን ግድ የለም፤ ሲወርዱ የሚጎዳው ጉልበት ነው፣ ለእሱ ደግሞ ዱላ አለ።

በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ኮረብታ ለኮረብታ የሚጓዙት ሰዎች ነገሩ ይቀልላቸዋል። እዚያ ቀትር ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ ስለሆነች፣ ሰሜን የሚያየው ገጽ ቀዝቀዝ ያለና ዛፉም የበዛበት ነው። ባቲ ላይ ግን በሚያዝያ አጋማሽ ገደማና በነሐሴ ሁለተኛ አጋማሽ ፀሐይ ልክ አናት ላይ ትቆማለች፤ በመካከሉ ባሉት ወራት ወደ ሰሜን አልፋ ትሄዳለች። የቀትር ጥላ ከተራራ አይጠበቅም፤ ከግራር ወይም ከሾላ ሥር ነው። (የእነሱ ወይራና የእኛ ወይራ ዘመዳሞች ናቸው፤ የእነሱ ለዘይት፣ የእኛ ለጭስ።)

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ቆላው በአንድ ጊዜ ይዘረጋል። ቀጥታ ወደ ምሥራቅ፣ አሞራ ቢበር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ኅዳር 1967 ዓ.ም. ድንቅነሽ የተገኘችበት ሐዳር አለ። በሁለት እግሯ ትሄድ የነበረች ፍጡር ናትና ለእግረኛ እንግዳ ይህን ሳልነግር አላልፍም።

ሰዓት ስገምት የስኮትላንዱን ተራራ ወጪ የዊልያም ኔይስሚዝን የ1892 እ.ኤ.አ. ስሌት እይዛለሁ፤ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ሌላ 1 ሰዓት። 10 ኪሎ ሜትር ዙር ከ500 ሜትር ዳገት ጋር 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይሆናል ማለት ነው። በባቲ ሙቀት ግማሹን እጨምርበታለሁ። ኔይስሚዝ የወሎን ሰላምታም አላሰበበትም፤ የልጅ፣ የከብት፣ የዝናብ ደኅንነት ሳይጠያየቁ ማለፍ ነውር ነው።

መንገድ ስጠይቅ ርቀቱን አላነሳም፤ «ቅርብ ነው» ከማለት ሌላ መልስ የለውምና። «አባባ፣ አሁን ብንነሳ ለዙሁር ከተማ እንገባለን?» እላለሁ። ሽማግሌው መጀመሪያ የእንግዳዬን ጫማ ያያሉ፣ ከዚያ ይመልሳሉ። መንገዱ ሰላም መሆኑንም የምሰማው ከእሳቸው ነው፤ ይህ ሳይጠየቅ የሚወጣ የለም።

ሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ ሸለቆው ከብትና አህያ እንደሞላ ወደ ከተማ ይጎርፋል፤ ከቆላም ግመል ይወጣል። ጭነት ሲመጣ ወደ ተራራው ጠጋ ብሎ ማሳለፍ ነው እንጂ በገደሉ በኩል አይቆምም። የግመል ጭነት ሰፊ ነው፣ ግመሉም ይቅርታ አይጠይቅም።

በክረምት ደግሞ የደረቀው ወንዝ ለስላሳ አሸዋ ለመመለሻ ያጓጓል። ባቲ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ በዚያው አሸዋ ላይ ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። ከ7 ሰዓት በኋላ እዚያ አልገባም፤ በፍየሏ መንገድ ግማሽ ሰዓት ተጨምሮብን፣ እንግዳዬም እያጉረመረመ፣ በላይ በላዩን እንመለሳለን።